በቀን ሁለት ቤት

የካቲት 18 ቀን 2015፣ ቅዳሜ። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

ጉጉፍቱ ላይ የመኪና መስኮት የከፈተ ሰው የሚተርፈው እርግማን ነው። እኔም ነገሩን ሳላውቅ ገርበብ አድርጌው ኖሮ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ኧረ ልጄ፣ ልትፈጀን ነው!» ብለው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ከደሴ መናኸሪያ በ12 ሰዓት የተነሳው ቅጥቅጥ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ አገሩ ሁሉ በጉምና በውርጭ ነጥቷል። የገብሱ ማሳ ታርሶ የበልግ ዝናብ ይጠብቃል። እዚህ ደጋ ላይ በልግ ከቀረ የብዙ ቤት እንጀራ አብሮ ስለሚቀር፣ ተሳፋሪው ከሾፌሩ ጋር የሚያወራው ስለ ደመና ነው።

መስኮቱን ዘግቼ «በረደኝ» ስል የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። አማርኛ ብርዱን ባለቤት ያደርገዋል፤ ብርዱ ይመጣና እኔን ያገኘኛል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ ስንልም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ነው። እንግሊዝኛ «አይ አም ኮልድ» ሲል ግን ሰውየው ራሱ ባለቤት ሆኖ ቁጭ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ 11 ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር «ኮልድ ሚ» ብሎ የጻፈ ልጅ ስንቴ አጋጥሞኛል! ልጁ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ፣ ከአስር ሁለት ሰጥቼ አልፋለሁ።

አሁን ማስተማሩን ትቼ በጽሑፍ ነው የማድረው። ወደ መካነ ሰላም የምሄደው እዚያ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ስለጠራኝ ነው። ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ደውዬ «ምን ነካችሁ?» አልኩት። «ካዘንክ መጥተህ አንድ ሳምንት ተቀመጥ፤ በስልክ የሚያዝንልን ሰውስ ሞልቷል» አለኝ።

አቀስታን አልፈን ቱሉ አውሊያ ስንደርስ ረዳቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አወረደ፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢው እዚህና መካነ ሰላም ነው። እኔ መንገዱን ሙሉ የአገሩን ስም ስፈታ ነበር። ለጋምቦ፣ ለገሂዳ፤ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ፤ «ወረ» የእነ እገሌ ወገን ማለት ነው። ቱሉ ተራራ ሲሆን፣ አውሊያ ከዐረብኛ የመጣ የወልዮች መጠሪያ ነው። መካነ ሰላም ደግሞ ግዕዝ። በዚህ መኪና ውስጥ ከአማርኛ ሌላ የሚናገር ሰው አልሰማሁም፤ የምንረግጠው መሬት ግን በሌላ ሦስት ቋንቋ ይጠራል። የዚህ አገር ልጅ ሌላ ቋንቋ አይገባውም የሚል ካለ መጀመሪያ ይህን መንገድ ይሂድ።

የካቲት 19፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ከተማው መግቢያ ላይ ቆመን ተማሪ ሲመለስ አየን። ዓርብ ማታ ወደየገጠራቸው የሄዱት ልጆች እሑድ ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ግማሹ በጀርባው አዝሎ፣ ግማሹ በአህያ ጭኖ፤ እንጀራው በአገልግል፣ ድርቆሹ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ሽሮው፣ ላዩ ላይ አንድ እቅፍ ማገዶ። ጓደኛዬ እያንዳንዱን ከሩቅ ያውቀዋል። «ይቺ የ11ኛ ናት፣ ሦስት ሰዓት በእግሯ ነው። ያኛው ገደሉን ወጥቶ ነው የመጣ።» ሳይመጡ የሚቀሩም አሉ፤ ዝናብ ጠብ ካለ በሬ ተከትሎ የሚቀር ወንድ ልጅ አይጠፋም።

ማታ ተማሪዎች ወደተከራዩበት አንድ ግቢ ሄድን። የጭቃ ቤት ነው፤ አንዷ ክፍል ሦስት ልጅ ትይዛለች። ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ፣ በጋዜጣው ላይ የፊዚክስ ቀመር በእስክሪብቶ ተጽፏል። አከራይዋ «ግቡ በሞቴ፤ ቡና ሳትጠጡማ ከዚህ ቤት አትወጡም» ብለው በርጩማ አቀረቡ።

በዚህ ግቢ ሦስት ተማሪ ተዋወቅሁ። አንዱ የ22 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው ወደ አስኳላ የተመለሰው። ሁለተኛው የጎረቤቱ ክፍል ልጅ፣ ደረሳ የነበረ፣ ነሕው የቀራ ነው። ሦስተኛዋ ማዶ ክፍል ያለች የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ታላቅ እህቷ ሪያድ ናት። በእንግሊዝኛ «ከሰፈራችሁ እዚህ ድረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብዬ ስጠይቅ ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ልጅቷ በአማርኛ መለሰችልኝ። «ቲቸር፣ መጻፉን እንሞክራለን። እንቢ ያለን አፋችን ነው።»

የካቲት 20፣ ሰኞ

ጠዋት ባዮሎጂ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪው 68 ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ኖት ሞላው፤ ተማሪው ገለበጠ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ በአማርኛ «ዲፊውዥን ማለት እንግዲህ፣ ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው እናንተ ቤት አይመጣም? በቃ እሱ ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አላውቅም፤ ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ግን የገባቸው ነገር በአማርኛ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀረ፣ ደብተራቸው ላይ ያለው እንግሊዝኛ ደግሞ ለብቻው ቀረ። ፈተናው የሚመጣው በደብተሩ ቋንቋ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መሻገሪያ ሽምደዳ ብቻ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ይሁን ሲል፣ ልጁ ዘጠነኛ ሲገባ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በቀር ሁሉንም ነገር በባዕድ አፍ ይሰማል ብሎ ነበር። እዚህ የማየው ባዕዱ ቋንቋ በጠመኔ ሲጻፍ ነው እንጂ በአፍ ሲነገር አይደለም።

ቀጥሎ የጓደኛዬ ክፍለ ጊዜ ነበር። 68 ሰው በአንድ ድምፅ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ብሎ ቆመ፤ «ዊ አር ፋይን፣ ሃው አር ዩ?» ብሎ ተቀመጠ። አዲሱ መጽሐፍ ገና ስላልደረሰ ጓደኛዬ ከስልኩ ፒዲኤፍ እያነበበ ይጽፋል፤ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን እንቢ ካለ ወዲህ ተማሪው ከሱ የሚቀበለውም በፍላሽ ነው። በሰዓቴ ያዝኩት፤ ከ40 ደቂቃው 34ቱን የተናገረው እሱ ነው። ተማሪ ሦስት ጊዜ መልስ ሰጠ፣ ሦስቱም አንድ አንድ ቃል። በዚያ ክፍለ ጊዜ ከተማሪ አፍ ሙሉ ሆኖ የወጣው ዐረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከመሃል አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሜይ አይ ጎ አውት?» አለ። ስሕተት የለበትም፣ አልተንተባተበም፣ እጁን ሲያወጣም አላፈረም። ልጁ እውነተኛ ጉዳይ አለው፤ ከተናገረ መልስ እንደሚያገኝም ያውቃል። የቋንቋ ትምህርት ሁሉ ከዚህ የተለየ ምሥጢር ያለው አይመስለኝም።

ክፍሉ ጥግ፣ ከሰሌዳው በላይ፣ ባዶ የብረት ሳጥን ተሰቅሏል። የፕላዝማው ቤት ነው። በ1997 ገደማ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት መተላለፍ በጀመረ ጊዜ፣ ቴሌቪዥኗ ውስጥ ያለችው መምህርት በተጣራ እንግሊዝኛ ትጠይቅና ጥቂት ቆይታ ራሷ ትመልሰው ነበር። ያ ትውልድ ዛሬ መምህር ሆኗል፤ ጓደኛዬና እኔም ያው ነን። መብራት ሲጠፋ እናጨበጭብ ነበር።

ከፕላዝማ በፊትም መፍትሔው ሁልጊዜ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ከጣልያን ወረራ በፊት የዘመናዊው ትምህርት ቤት አፍ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 በኋላ በእንግሊዞች እጅ እንግሊዝኛ ተተካ። በ1955 የአሜሪካ ፒስ ኮር 300 ገደማ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ሲልክ፣ የወሎ ልጆችም ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ውስጥ ከባለቋንቋው አፍ ተማሩ። በጉዞዬ ዋዜማ፣ ዓርብ ማታ፣ ደሴ ያሳደሩኝ አዛውንት የዚያ ጊዜ ተማሪ ናቸው፤ እስካሁን እንግሊዝኛቸው ይጥማል። ምሥጢሩን ስጠይቃቸው ስለ ሰዋስው አላነሱም። «ልጁ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ እኛ ካልተናገርን ገበያ ሄዶ ሽንኩርት አይገዛም» አሉኝ።

ማስታወሻውን ለኅትመት ስገለብጠው አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ጉዞ በኋላ ግማሽ ያመጣው ተፈታኝ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆኗል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ቁጥሩን የማነሳው እዚህ ያየኋቸው ልጆች ከቁጥሩ ውስጥ በየትኛው በኩል እንደቆሙ እያሰብኩ ስለማነበው ነው።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ማታ የቅኔ ቤቱን ልጅ «እዚያ ቀኑ እንዴት ይውላል?» አልኩት። እንግሊዝኛ ላይ አንገቱን የደፋው ልጅ ቀና አለ።

«መጀመሪያ ግስ ነው፤ ግሱን ከነእርባታው ትይዛለህ። አገባብ አለ። ግን እስክትጨርስ ተቀመጥ የሚልህ የለም፤ ቶሎ ጉባኤ ቃና ትጀምራለህ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፣ ትንሿ ቅኔ። የኔታ ይዘርፋሉ፣ ትሰማለህ። ቀን ዱር ትወጣለህ፣ ብቻህን ትቆጥራለህ። ማታ መጥተህ ትነግራለህ። ካልሆነ የኔታ ያርሙሃል፤ ነገ ሌላ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ነዋ! ያልቆጠረ ምን ይዞ ይመጣል?»

እንቅልፍ ነሳኝ። ግዕዝ ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም። መጽሐፍ እንኳ እንደልብ በሌለበት ጎጆ ውስጥ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ፣ በማይነገር ቋንቋ በየቀኑ ሁለት መስመር አዲስ ነገር ይፈጥራል። ይህንኑ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብተን ዓለም በሙሉ የሚናገረውን ቋንቋ አሥር ዓመት አስተማርነው፤ የራሱን አንድ ዐረፍተ ነገር አምጣ ያለው ግን የለም። ሲገለብጥ፣ ሲያሰምርና ሲያጠቁር ኖረ።

ደረሳው ጓደኛው ወሬያችንን ሰምቶ ኖሮ «የኛም እንደሱ ነው» አለ። ነሕው ሲቀራ መጀመሪያ የያዘውን ምሳሌ ነገረኝ፤ «ዶረበ ዘይዱን ዐምረን»፤ ዘይድ ዐምርን መታ። «አንቀጹ ፊት ነው፤ መታ ይልና ነው ማን እንደመታ የሚነግርህ።» የቅኔው ልጅ ሳቀ። «ግዕዝም እኮ ሖረ ዮሐንስ ይላል።» አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ይቋጥራል፣ እንግሊዝኛ መሃል፤ ተማሪዎቻችን ከዓመት ዓመት የሚደናቀፉባት ድንጋይ ይቺ ናት። እነዚህ ሁለቱ ግን አንቀጽ ከቦታው ሲነሳ አይደነግጡም። ያንን እውቀታቸውን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አራግፈው ነው የሚገቡት፤ ግባ ያለው ሰው ስለሌለ።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

ጓደኛዬን ለመንኩት፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሠላሳ ያህል ልጅ ሰበሰበ። ደንቡን ያወጣው የቅኔው ልጅ ነው። በቀን ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ዐረፍተ ነገር። ከኖት የተገለበጠ አይገባም። ሰሞኑን ያየኸው ወይም የደረሰብህ ነገር ይሁን። በቃል ይነገራል። የሰማ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያለ መልስ የሚቀር ቤት የለም።

ዘረፋው ለጓደኛዬ ደረሰው። ጥቂት አሰበና ጫማውን እያየ «ማይ ሹ ኢዝ ኦልደር ዛን ማይ ሰን። ኢት ኖውስ ዘ ሮድ ቤተር ዛን ሚ» አለ። ጫማዬ ልጄን በዕድሜ ይበልጠዋል፤ መንገዱንም ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ልጆቹ መጀመሪያ ጫማውን አዩ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። በእንግሊዝኛ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ተበተኑ። አንዱ ከዛፍ ጋር፣ አንዱ ከአጥር ጋር እያጉረመረመ ሩብ ሰዓት ቆየ። ሲመለሱ በአምስት በአምስት አስቀመጥናቸው። «አንድ ለአምስት» የሚለው አደረጃጀት እዚህም ነበረ፤ ሥራው ሪፖርት ላይ መፈረም ነበር። ዛሬ ጉዳይ አገኘ።

ከደጋው ጫፍ፣ ከቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ አጠገብ የመጣ ልጅ «የስተርደይ ጭላዳ ኢት አወር ባርሊ» አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ደንቡ ነውና «ሃው ሜኒ ጭላዳ?» ስትለው ደነገጠ፤ የቆጠረው ቅኔውን እንጂ ጭላዳውን አይደለም። ቁጥሩ ጠፋበትና ክቡን አይቶ «ላይክ ዩ! ሜኒ፣ ላይክ ዩ!» አለ። እንደ እናንተ ብዙ ማለቱ ነው፤ ክቡ ጭላዳ ተባልን ብሎ ተነሳበት። «ኢት» የሚለው ግስ ለትናንት «ኤት» እንደሚሆን የነገርኩት ሳቁ ከበረደ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ታሪኩን ሲደግመው ሦስቱንም በትክክል ተናገረ።

ደረሳው ደግሞ «ሃንገር ሚ» ብሎ ተነሳ። አፌን ልከፍት ስል የቅኔው ልጅ ቀደመኝ። «ባለቤቱ ማነው?»

«ረሃብ።»

«አንቀጹስ የታለ?»

ደረሳው ዝም አለ። ራሱን እየነካካ ፈለገው፤ የለም። ራበኝ ሲል አንቀጹም ባለቤቱም ተሳቢውም አንድ ቃል ውስጥ ታጭቀዋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግራቸው አንቀጹ መንገድ ላይ ቀርቶበታል። 11 ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዘው የኖርኩትን ነገር፣ አሁን እንጨት ይዤ አፈር ላይ እየሣልኩ አስረዳሁ። «ታዲያ እንግሊዝኛ ረሃብን ሰው ላይ ነው የሚያሳብበው?» አለ አንዱ። ከዚህ የተሻለ የሰዋስው ጥያቄ በክፍሌ ተጠይቆ አያውቅም።

የካቲት 23፣ ሐሙስ። ዓድዋ

ትምህርት የለም። አከራይዋ ቡና አፍልተው ዱአ አደረጉ፤ ጾም የያዘውም ያልያዘውም ቆሎውን አብሮ ዘገነ። ሦስቱም ልጆች ነበሩ።

ወሬው ዓድዋ ሲሆን፣ ውጫሌ የት እንደሆነች ጠየቅኋቸው። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ናት። በሚያዝያ 1881 የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለመገናኘት በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ቢፈልጉ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር፤ ጣልያን ግን በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን ይዞ ግዴታ ነው አለ። አፈሩ ላይ «ካን» እና «ማስት» ብዬ ጻፍኩ። ለእነዚህ ሁለት ቃላት በመጽሐፍ ውስጥ ያለው ምሳሌ ስለ መዋኛ ገንዳ ነው፤ እዚህ መዋኛ ገንዳ ያየ ልጅ የለም። ውጫሌን ግን ሁሉም ያውቃታል። በአንዲት ግስ የተነሳ ስንት ሰው እንደሞተ ሲያስቡ ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ «ሜኒሊክ ካን፣ ቲቸር። ኖት ማስት» አለች።

እሷው ናት ስለ እህቷ ያነሳችው። እህቷ ከ8ኛ ክፍል ወጥታ ነው የሄደችው። «እኔ የእንግሊዝኛ ኖት ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ፤ እሷ ደብተር የላትም። ግን በስድስት ወሯ በዐረብኛ ከማዳሟ ጋር ትከራከር ነበር።» ስልኳን ከፍታ አሰማችን፤ እህትየው ስትሥቅ፣ መሃል ላይ በዐረብኛ አንድ ሰው ስትገሥጽ። ደረሳው ጆሮውን አቅንቶ ሰማና «የመጽሐፉ ዐረብኛ አይደለም፤ ግን ትችላለች» ብሎ መሰከረላት።

አከራይዋ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ፣ እንዴት እንደለመደችው ጠይቂያታል? ውሃ አምጪ ስትባል እሳት እያመጣች፣ እየተሰደበች ነው የለመደችው። አልቅሳ ነው።» ማንም አልመለሰም። ጉዳይና መልስ ቋንቋ ያስተምራሉ ብዬ ሰኞ ለት የጻፍኩት እውነት ነው፤ ግን መልሱ ስድብ ሲሆንም ያስተምራሉ። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ልጅ ሳያለቅስ የሚሳሳትበት ቦታ እንዲኖረው።

የካቲት 24፣ ዓርብ

ጓደኛዬ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ መጣ። ስድስት ክፍል ያስተምራል፤ በ68 ሲባዛ 408 ተማሪ ነው። በቀን ሁለት ቤት ካሉ 816 ቤት። «እኔ የኔታ አይደለሁም» አለኝ። የቅኔውን ልጅ ጠርተን የኔታስ እንዴት ይችሉታል አልነው። «የኔታ ሁሉን መች ይሰማሉ? ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስነግራል። እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው የተጣራው ነው።»

«ስሕተት ስሕተትን ቢያስተምርስ?» አለ ጓደኛዬ። ሥጋቱ እውነት ነው። ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው፤ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለአምስት ለአምስቱ ክብ፣ ከዚያ በየቀኑ የአንድ ክብ ቤቶች ሰሌዳ ላይ ወጥተው በሁሉም ፊት ይታረሙ። እሱ ካለው 34 ደቂቃ ወሬ አሥሩን ለመስጠት ተስማማ። እጁን ሲዘረጋ እንደ መሬት ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ የመጽሐፉን ምዕራፍ በጊዜ ካልጨረሰ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከተማሪዎቹ መካከልም አንድ ጎበዝ «ቲቸር፣ ይሄ ለማትሪክ ምን ያደርግልናል? ፈተናው ምርጫ ነው» አለኝ። የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። የሰኞውን ባዮሎጂ አስታወስኩና ስለ ዲፊውዥን ሁለት ቤት ቁጠሩ፣ ኖቱን ግን አትንኩ አልኳቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከኋላ በኩል፣ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ተነሳ። «ዘ ኮፊ ስሜል ኬም ቱ አወር ክላስ። ኢት ዲድ ኖት ሴይ ሜይ አይ ካም ኢን።» የቡናው ሽታ ክፍላችን ገባ፤ ሜይ አይ ካም ኢን አላለም። የጠየቀው ጎበዝ ሥቆ ተቀመጠ። ባዶውን መሻገሪያ ያ ልጅ ባንድ እግሩ ረገጠው፤ የባዮሎጂ መምህሩ አማርኛና ሰሌዳው ላይ ያለው እንግሊዝኛ አንድ አፍ ውስጥ ተገናኙ።

በአንድ ሳምንት ቋንቋ የለመደ የለም። ገና ወደ ክቡ ሲቀርቡ የሚንቀጠቀጡ አሉ፤ ሁለት ሴት ልጆች ሐሙስና ዓርብ ጭራሽ አልመጡም። እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ የሚቀረው ጓደኛዬና 408ቱ ናቸው። ስሰናበት እያንዳንዱ የደብተሩን ቅጠል ቀዶ የዓርቡን ሁለት ቤት ሰጠኝ። አከራይዋ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው «አብሽር፣ አላህ መንገድህን ያቅናው» አሉኝ።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ። ጉጉፍቱ

መኪናው ጎማ ሊቀይር ቆሟል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ቅጠሎቹን አገላብጣለሁ። ከልማድ የተነሳ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ይዣለሁ፤ «ኤስ» የጎደላት፣ «ዘ» የበዛባት፣ አንቀጽ የጠፋበት አለ። አንዳንዱን አረምኩ፤ አርሜ ለጓደኛዬ በስልክ ፎቶ እያነሳሁ እልክለታለሁ፣ መልስ ሳያገኝ የሚቀር ቤት የለም ብለናልና።

ሪያድ እህት ያላት ልጅ ቅጠሏን አራት አጥፋ ነው የሰጠችኝ። ከላይ ቀኑን ጽፋለች፣ ቀጥሎ ሁለት ቤት።

«ኢን ዘ ናይት ዘ ኮልድ ኬም ኤንድ ሳት ኦን ማይ ኒስ። አይ ጌቭ ኢት ሃፍ ኦፍ ማይ ጋቢ።»

ሌሊት ብርዱ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ፤ ከጋቢዬ ግማሹን ሰጠሁት።

ደግሜ አነበብኩት። ባለቤቱ ብርዱ ነው፤ እንደ አማርኛው። አንቀጹ መሃል ቆሟል፤ እንደ እንግሊዝኛው። የምሰርዘው ፈልጌ አጣሁ። ከኋላ የተቀመጡ ሰውዬ መስኮቱን እያሳዩ «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ብርዱ ገባ!» አሉኝ፤ እስክሪብቶዬን ከድኜ ዘጋሁት።